ካወቅሽ አትንገሪኝ

ጥቅምት 9

ለጭራዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ተናድጄ አይደለም፤ ማልቀሴን እንዳትሰሚ ብዬ ነው። ከእንግዲህ በደብዳቤ ብቻ እንነጋገር ማለትሽንም መጀመሪያ እንደ ቅጣት ቆጥሬው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ልክ ነሽ። "ሃሎ" ስል ብቻ ምሳዬን መብላት አለመብላቴን የምታውቂ ሰው፣ ከድምፄ ምን ሊሰወርሽ ይችላል? ወረቀት ላይ ቢያንስ ፊቴን ታጥቤ መምጣት እችላለሁ።

ሐኪሙ በትክክል ምን አለ ላልሽው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸውልሽ። አባባን የገደለው በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። ልጅ የመውረሱ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወይ ይወርሳል ወይ አይወርስም። መድኃኒት የለውም፣ የደም ምርመራ ግን አለው። ተራ እህትማማቾች ብንሆን የእኔ ለእኔ፣ ያንቺም ላንቺ በሆነ ነበር። "እናንተ ግን ፍጹም አንድ ዓይነት መንትዮች ናችሁ፤ የአንዳችሁ ደም የሌላዋም መልስ ነው" አለኝ። ከዚያ "እህትሽ ታውቃለች? ትስማማለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

አሁን የምነግርሽ ነገር ሊያስቅሽ ይችላል፤ ሳቂ። ትናንት ሥራ ላይ እያለሁ ማበጠሪያ ከእጄ ወደቀ። ጸጉር ቤት ውስጥ ማበጠሪያ መውደቁ ብርቅ ነው? ድሮ ቢሆን አንስቼ፣ አጥቤ፣ ወሬዬን እቀጥል ነበር። ትናንት ግን ደንበኛዬን እርጥብ ጸጉሯን እንዳንጠለጠለች ትቼ የወደቀውን ማበጠሪያ ቆሜ አየሁት። አባባን እንዴት እንደጀመረው ታስታውሻለሽ። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የሚጥለው፣ ቀጥሎ ብርጭቆ፣ በመጨረሻ ሲያቅፈን እንኳ እጁ ጀርባችን ላይ ይጨፍር ነበር። "እሱን የጀመረው ሃምሳ ሊሞላው ሲል ነው፣ እኛ ገና ሠላሳ ስድስታችን ነው" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ማወቄ አልጠቀመኝም።

መመርመር እፈልጋለሁ፣ ጭራዬ። ፍቀጂልኝ።

እትዬሽ
(በሩብ ሰዓትም ቢሆን መብለጥ መብለጥ ነው)

---

ጥቅምት 26

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ሲመጣ መሰላል ላይ ነበርኩ። የዳቦ ቤቱን ታፔላ እየጻፍኩ "ዳ"ን ጨርሼ "ቦ"ን ልጀምር ስል ባለቤቴ ከታች ፖስታውን እያውለበለበ "የእህትሽ ነው!" አለኝ። ወርጄ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባለ ዳቦ ቤቱ ወጥቶ "እሜቴ፣ 'ዳ' ብቻውን ምን ይሸጥልኛል?" አለኝ። ሰውየው እውነቱን ነው።

መልሴ አይሆንም ነው። በእህትነታችን ይዤሻለሁ፣ አትቆጪኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ የሚደርስ ከሆነ ራሱ ይድረስ፣ ሄጄ አልቀበለውም። አንቺን አለማወቅ የሚያሳብድሽን ያህል እኔን ማወቅ ያሳብደኛል። አንድ ፊት ይዘን ተወልደን በዚህ ብቻ እንዴት እንደተለያየን አላውቅም።

እንዴት ቻለችው ትዪ ይሆናል፤ ችዬው እንዳይመስልሽ። ትልቅ ጽሑፍ ስጽፍ ግድግዳው እስከሚያልቅበት ድረስ አሻግሬ ካየሁ እጄ ይከዳኛል። ስለዚህ ቡሩሹ ያለበትን ቦታ ብቻ ማየት ለመድኩ። ፍርሃቱን ግን እንዲህ ብሎ ማባረር አይቻልም፤ በር ስትዘጊበት በመስኮት ይገባል። እኔ ሰዓት ሰጠሁት። ሥራ ጨርሼ ቡሩሾቼን ሳጥብ እጨነቃለሁ፣ የምሬን፣ ሳልሰስት። ቡሩሹ ታጥቦ ሲያበቃ የዚያን ቀን ጭንቀት አበቃ። በሌላ ሰዓት ሲመጣ "ቆይ፣ ቡሩሽ ሳጥብ" እለዋለሁ። አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። አንቺም ሞክሪው።

እጅሽን ይዤ ላስቀርሽ እንደማልችል አውቃለሁ። አልችል ካልሽና ከሄድሽ ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ካወቅሽ አትንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን አትንገሪኝ። ደጉን ብቻ የምትነግሪኝ ከሆነ ዝም ስትይ ክፉውን ነገርሽኝ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሆድ ይፍጀው።

እማዬን ሳሚልኝ።

ጭራሽ

---

ኅዳር 20

ለጭራዬ፣

ቃል ገብቻለሁ። ዐይኔን ግንባር ያድርገው አልነግርሽም። እስካሁንም አልሄድኩም።

የጭንቀት ሰዓትሽን ሞክሪው ላልሽው፣ ሞክሬዋለሁ። ሱቁን ስዘጋ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ቁጭ ብዬ ራሴን እያሞቅሁ እጨነቃለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሙቀቱ ጥሎኝ ሳልጨነቅ ተኛሁ። ችግሩ የእኔ ጭንቀት እንዳንቺ ጨዋ አይደለም፣ ቀጠሮ አያከብርም።

ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ መርፌ አንስቼ ክር አስገባለሁ። በአንዴ ከገባ ቀኑ ጥሩ ነው፣ ዘፈን እከፍታለሁ። ካልገባ ደግሞ ደግሜ፣ ደግሜ እሞክራለሁ፤ በሞከርኩ ቁጥር ጣቴ ይብሳል። እማዬ ስታየኝ ከርማ ባለፈው "ክሩን ካስገባሽው አይቀር ቁልፌን ትከዪልኝ" አለችኝ። ሳቅን። የሳቀችው በአፏ ብቻ ነው። ያንን በሽታ አሥር ዓመት ያስታመመች ሴት ምን ይሰወራታል?

ባለፈው ሳምንት የአንዲት የባንክ ሠራተኛ ጸጉር ስቆርጥ መቀሱ ጆሮዋን ነካ አደረጋት። ጠብታ ደም ናት። እሷ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው፣ አልተሰማኝም እኮ!" ብላ ተጫወተች። እኔ ጓዳ ገብቼ ተንቀጠቀጥኩ። ከፍርሃት የተነሳ ነው የተንቀጠቀጥኩት፤ ግን እጄን አይቼ "ይኸው፣ ጀመረኝ" አልኩ። እንግዲህ ፈርቼ ልንቀጥቀጥ፣ ተንቀጥቅጬ ልፍራ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ጠፋኝ። በቀን ውስጥ አንዴ እሞታለሁ አንዴ እድናለሁ፤ ማታ ላይ ከሁለቱ የትኛዋ እንደተኛች አላውቅም።

ላንቺ ስል እስከምችለው እችላለሁ። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።

እትዬሽ

---

ታኅሣሥ 18

ለእትዬ፣

የባንኳን ሴትዮ ለባለቤቴ አንብቤለት ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ለብቻዬ ሳነበው አንጀቴን በላሽው።

ስለ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ከዚህ በፊት አንቺን ለማጽናናት ስል አሳምሬ ጽፌልሻለሁና። ባለቤቴ ልጅ ይፈልጋል። አይነዘንዘኝም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ነገር በዝርዝር ነው የሚያየው፣ አንዴ ጠይቆ መልሱን ይጠብቃል። እኔ "ይህን ሥራ ልጨርስና" እለዋለሁ። ይህ ሥራ ሲያልቅ ሌላ ሥራ አለ። በከተማው ያልጻፍኩት ታፔላ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ልንኖር ነው። አለማወቄ ሰላም የሰጠኝ አስመስዬ ነበር፤ ሰላም ሳይሆን ዳር ዳሩን መሄድ ሆኖ አገኘሁት። መሬቱ ይዞኝ ይሁን ይክዳኝ ሳላውቅ መሃል ላይ አልቆምም። ልጅ ደግሞ መሃል ላይ ቆመው ነው የሚወልዱት።

ያም ሆኖ አሁንም ማወቅ አልፈልግም። ይህን ብቻ መልሺልኝ፤ ምርመራውን ትተሽዋል ወይስ ሐሳብሽ እዚያው ነው?

ጭራሽ

---

የካቲት 14

ለጭራዬ፣

ዘገየሁ፤ ብትሰድቢኝ ይገባኛል። ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። አውቄ ነው የዘለልኩት፣ አንቺም እለፊው።

ወሬ ላቀብልሽ። ከጎኔ ያለውን ክፍል ጨምሬ ተከራየሁ! የመሃሉን ግድግዳ አፍርሰን አሁን ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ይቀመጣል። እማዬ በር ላይ ወንበር ይዛ ተራ አስከባሪ ሆናለች። "አንቺ ከእሷ በኋላ ነሽ፣ አትቅለብለቢ" ስትል ያቺን የባንክ ሠራተኛ ሳይቀር ትቆጣለች። ደንበኛ ያባረረችብኝ ሲመስለኝ ይልቅ ጨመረ፤ ሰው መቆጣት ይወዳል መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሥራት ትቻለሁ። ለምን በይኝ፤ ዋና ልማር! አስተማሪው የመደበኝ ከሕፃናት ጋር ነው። ውሃው ለእነሱ አንገት ነው፣ ለእኔ ወገብ። አንዷ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቀርባ "እትዬ፣ አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ እኔም ፈርቼ ነበር" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

እንቅልፌም ደህና ነው።

እትዬሽ

---

መጋቢት 3

ጭራዬ፣ ይህን ለመንገር ብቻ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ከዳር እስከ ዳር ዋኘሁ! ውሃውን ግማሹን ጠጥቼዋለሁ፣ ቢሆንም ደረስኩ። ያቺ ጥርሰ ወላቃ አጨበጨበችልኝ። ደግሞ ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው፣ ልሩጥ።

እትዬሽ

---

መጋቢት 20

ለእትዬ፣

ምንም አትበዪኝ። ቃልሽን ጠብቀሻል፣ ቃሌንም አላፈርስም። አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትመልሺልኝ። ግን እኔ ያንቺው ግማሽ ነኝ፤ ማንበብ የምችለው ፊደል ብቻ አይደለም።

ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን ስንቴ እንዳነበብኳቸው አትጠይቂኝ። መርፌ የለ፣ መቀስ የለ፣ የወደቀ ማበጠሪያ የለ። ግድግዳ ታፈርሳለች፣ ውሃ ውስጥ ትንቦጫረቃለች፣ ትተኛለች! ለባለቤቴ አነበብኩለት። እሱ "ሰው ስለሳቀ ብቻ እንዴት ይታወቃል?" አለ፤ እሱ ሽቦ ካልነካ አያምንም። እኔ ግን አወቅሁ። እኔና አንቺ አንድ ሆድ ውስጥ ተኝተን የወጣን ነን፣ ከእኔ ምን ትደብቂያለሽ?

መሰላሉ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ለካ ምን ያህል ተሸክሜ ኖሬ ነው! አንቺን ስመክር የነበርኩት እኔ፣ አለማወቅ ይሻላል ስል የነበርኩት እኔ፣ ከትከሻዬ ሲወርድ ነው ክብደቱ የገባኝ።

እንግዲህ መሃል ላይ ልቆም ነው። ባለቤቴን "ሥራው አለቀ" አልኩት። ለደቂቃ አልገባውም፣ ከዚያ ሲገባው የያዘው አምፖል ከእጁ አምልጦ ተሰበረ፤ እኔ ደግሞ አምፖል ስለወደቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልደነግጥ ሳቅሁ።

አክስት ለመሆን ተዘጋጂ።

ጭራሽ

---

ግንቦት 6

እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስቀደው ወር ከግማሽ ሊሞላኝ ነው። አትመልሺልኝ ስላልሽኝ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ እያልኩ መደበቂያ አደረግሁት። ካንቺ ቃል ይልቅ የፈራሁት ግን ደስታሽን የምቀማሽ እኔ መሆኔን ነው።

እማዬ ናት ያስቆመችኝ። ልነግራት ስል ለቀባሪው አረዱት ሆነብኝ። "መርፌዋን ሳጥን ውስጥ ከከተትሻት ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ" አለችኝ። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብላት ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችና "በማታውቀው ነገር እንድትወልድ ከተውሻት፣ ያወቀች ቀን በሽታውን ሳይሆን አንቺን ነው የምትጠላው" አለች።

ቁጭ ብለሽ ነው የምታነቢው? ወርሰናል። ጥር ላይ ነው የተነገረኝ።

ሐኪሙ ሦስት ጊዜ አመላልሶ አነጋግሮኝ ነበር፤ ላስብበት፣ ልተወው እንድችል። ውጤቱን ሲነግረኝ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። እኔም "እሺ" አልኩት፣ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው። ሱቅ ሙሽራ ትጠብቀኝ ስለነበር ሄጄ ጸጉሯን ሠራሁ። ጥሩ ሆኖ ነው የተሠራው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ላንቺ አልጻፍኩልሽም፤ የዘገየሁት ለዚያ ነው። እማዬ ፊት እየሳቅሁ ጓዳ ውስጥ አነባ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሳ መርፌዋን ረሳኋት። ሻይ ጠጥቼ፣ ሱቅ ከፍቼ፣ ከሰዓት በኋላ ነው ትዝ ያለችኝ። ምን የምፈትነው ነገር አለ? ያቃጥለኝ የነበረው በሽታው አልነበረም፣ ግማሽ በግማሽ መሆኑ ነበር። በሽታው ሲመጣ እንደ አባባ ይመጣል፤ ግማሹ ግን በየቀኑ ይመጣ ነበር። እጄ እስከሚከዳኝ ድረስ የእኔ እጅ ነው አልኩና ግድግዳውን አስፈረስኩ። ዋናውንም የጀመርኩት ሰውነቴ ሲታዘዘኝ ልየው ብዬ ነው።

ስለዚህ የጻፍኩልሽ ሳቅ የውሸት አልነበረም። ያነበብሽው ልክ ነው፣ የተረጎምሽው ነው የተሳሳተ። ላንቺም እንዲህ ይሆንልሻል አልልሽም። እኔ ፈልጌ ሄጄ ነው የሰማሁት፣ አንቺን ግን ሳትፈልጊ አሰማሁሽ። ስለ ልጁ አልመክርሽም፤ ሐኪም አለ፣ ባልሽ አለ፣ የናንተ ነው። ብቻ በእኔ ሳቅ ተታላችሁ እንዳትወስኑ።

ብትጠይኝም እቀበላለሁ።

እህትሽ

---

ሰኔ 15

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ አርግዤ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከሁሉ በፊት ይህን እንደምትጠይቂ ስለማውቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዕቃ ሰብሬያለሁ። ባለቤቴን "ሽቦ ንካ፣ ሽቦ ንካ፣ አላልከኝም ነበር?" ብዬ ያላጠፋውን ጮኼበታለሁ። እሱ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አንቺን ደግሞ በየቀኑ ሰድቤሻለሁ። በጥር ብትነግሪኝ አልልም፣ አትንገሪኝ ያልኩት እኔ ነኝ። በመጋቢት ግን፣ እትዬ፣ በመጋቢት "ቆይ" የሚል አንድ ቃል ብትልኪ ምን ነበረበት? የእናት ልጅ ሆነሽ ወር ከግማሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? ይህን ቂም ይዤዋለሁ፤ ገና አለቀቅሁትም።

ሰው ተናዶ ሲያበቃ ማንበብ ይጀምራል። የጥቅምቱን፣ የኅዳሩን፣ የየካቲቱን አወጣኋቸው። ውሸቷን ልያዛት ብዬ ነው። አጣሁት። ታማ የነበረችው የኅዳሯ እህቴ ናት፤ እኔ ግን ለየካቲቷ ነው የማለቅሰው። የሳቅሽው ስለዳንሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስላወቅሽ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሁለታችን ሄደናል። የልጁም ግማሽ በግማሽ ነው። ሆድ ውስጥ እያለ ይመረመራል አለን፤ አስባችሁ ንገሩኝ አለ። ባለቤቴ፣ ያ ሽቦ ካልነካ የማያምነው ሰውዬ፣ "አላውቅም" አለኝ። እኔም "አላውቅም" አልኩት። ተያየን፣ ከዚያ ራበን፣ ሄደን ምሳ በላን። እንዲህም ይኖራል ለካ።

ብዙ ሳስብ አባባ ላይ ደረስኩ። አባባ ቢነገረው ኖሮ እኔና አንቺን አይወልደንም ነበር። ሰውየው ጠንቃቃ ነበር፤ ነቅንቆ ሳያየው ወንበር ላይ እንኳ አይቀመጥም። አለመወለዴን እመርጥ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በደህናው ቀን አልነበረም የጠየቅሁት፣ አልቅሼ ዐይኔ ባበጠበት ቀን ነው። አልመርጥም። አንቺም ዋና ስትማሪ የጻፍሽውን ሳየው አትመርጪም።

ስለዚህ አናስመረምረውም። ይህን የምለው እንደ ድሮው ዳር ዳሩን ልሂድ ብዬ አይደለም። እኔ አሁን አውቄያለሁ፤ የእኔን አውቄ ሥራ ሄጃለሁ፣ የአንድ ሆቴል ታፔላ ጨርሻለሁ። የእሱ ግን የእሱ ነው። አድጎ ማወቅ ከፈለገ ይወቅ፣ ካልፈለገም ይተወው። እኔ ግን አንድ ቀን ፊት ለፊት "እማዬ፣ አያቴን የገደለው ምንድን ነው?" ሲለኝ ጥያቄውን አልዘለውም። አንቺም አትዘይውም። ይህን አሁኑኑ ቃል ግቢልኝ፤ የፊተኛውን ቃል ሽሬዋለሁ።

የምወልደው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሱቁን ለእማዬ ተዪላት፣ ታስከብረዋለች። ገና እንዳልታረቅሁሽ እወቂ፤ ፊቴን አዙሬ የምቆይ ከሆነም ታገሺኝ። ከዚህ በፊት ብቻዬን አምጬ አላውቅም፣ ብቻዬንም ተወልጄ አላውቅም። ቀድመሽ ነይ።

ጭራሽ